ፍሩክቶስን የሚይዝ እጅ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ በሺሺንዳ ዙሪያ ያለው የካፋ አገር በቡናውና በማሩ ይታወቃል። ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ጌተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ ይሞላል። ማሩ ተበርዞ፣ ጌሾ ገብቶበት ጠጅ እስኪሆን ድረስ አንድ ስኳር በሁለት ባለሙያዎች እጅ ያልፋል። ስኳሩ ሱክሮስ ነው፤ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ የተጋጠሙበት።

የመጀመሪያዋ ባለሙያ ንብ ናት። ከአበባ የቀሰመችውን ሱክሮስ በኢንዛይሟ ስለምትከፍለው በበሰለ ማር ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሁለተኛው እርሾ ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት የጠጅ ጥናት ጎልቶ የተገኘው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲ፣ ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ ውጭ አውጥቶ ያገኘውን ሱክሮስ ይከፍላል። ሁለቱ የሚከፍሉት ጥንድ አንድ ነው፤ አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው። የንቧ ኢንዛይም ግሉኮሱን፣ የእርሾው ፍሩክቶሱን ይዞ ይቆርጣል።

ይህ አያያዝ በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው ኢንዛይሙ የትኛውን ስኳር እንደሚመርጥ በመፈተን ነው። ራፊኖስ በተባለው ስኳር ላይ ከሱክሮሱ የግሉኮስ ወገን ጋላክቶስ የሚባል ሌላ ስኳር ተጨምሯል። ፍሩክቶሱ ጫፍ ላይ ነጻ ስለሆነ ኢንቨርቴዝ እሱን ቆርጦ ያወጣና የተቀረውን ጥንድ ሳይነካ ይተወዋል። ሜሌዚቶስ በተባለው ስኳር ላይ ግን ፍሩክቶሱ በሁለት ግሉኮሶች መካከል ተሸጉጧል፤ ኢንቨርቴዝ አይደፍረውም። ከሁለት ግሉኮሶች የተሠራውን ማልቶስንም ያልፈዋል።

ፈተናው እንዲታመን ኢንዛይሙ ብቻውን መቅረብ አለበት፤ እርሾው ማልቶስ የሚቆርጥ ሌላ ኢንዛይም ሊኖረው ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ሥራ የኢንቨርቴዙን ጂን ፒኪያ ፓስቶሪስ ወደተባለ ሌላ እርሾ አዛወረ። የአስተናጋጁ እርሾ አመራረጥ የረቀቀ ነው። ፒኪያ የራሱ ኢንቨርቴዝ የለውም፤ ሱክሮስም መመገብ አይችልም። ስለዚህ ሱክሮስ ከተቆረጠ የቆረጠው እንግዳው ነው።

በኢንዛይሙ ጠባብ ኪስ ውስጥ ሁለት አሚኖ አሲዶች ሥራውን ይከፋፈላሉ። አስፓርቴት ፍሩክቶሱን ለቅጽበት ከራሱ ጋር ያጣብቃል። ግሉታሜት ግሉኮሱን በፕሮቶን ያሰናብታል፤ ቀጥሎም ውሃን አንቅቶ ፍሩክቶሱን ያስለቅቃል። ስኳሩ እጅግ ሲበዛ በውሃው ቦታ ሌላ ሱክሮስ ገብቶ ኬስቶስ የሚባል ባለሦስት ስኳር ይፈጠራል። ሊዮኖር ሚካኤሊስና ሞድ ሜንተን እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተሙት፣ ዛሬም የባዮኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚማሩት የኢንዛይም ፍጥነት ቀመር የተገኘው በዚሁ በኢንቨርቴዝ ላይ በተደረገ ልኬት ነው።

የዚህ ኢንዛይም ሥራ ጠጅ ጣይንም ይመለከታል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በተለመደው ማር 100 ግራም ውስጥ ከ5 ግራም በላይ ሱክሮስ እንዳይኖር ይደነግጋል። ስኳር የተቀላቀለበት ማር በዚህ መለኪያ ሊያዝ ይችላል፤ ከተጠነሰሰ በኋላ ግን ኢንቨርቴዝ ሱክሮሱን ስለሚቆርጠው መለኪያው አይሠራም። የካፋን ማር ለጠጅ የምትገዙ፣ ማሩን የምታስመረምሩት ከመበረዙ በፊት ይሁን።