ሙሾና ተዝካር

«ተዝካር» የሚለው ቃል የተገኘው «ዘከረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ ትርጓሜውም መታሰቢያ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ ሟች በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቁና በዓመቱም ይታሰባል። ካህናት ይጸልያሉ፤ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ድኻ ይበላል። ከዚህ ቀደም ብሎ ግን በለቅሶው ቦታ ሌላ መታሰቢያ ተፈጽሟል፤ እርሱም ሙሾ ነው።

ሁለቱ ሟቹን የሚጠሩበት መንገድ ይለያያል። በፍትሐቱ ጊዜ ሟች የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ የሚደገምለትም ጸሎት ከእርሱ በፊት ለብዙዎች የተደገመ ነው። በዚህ ፊት ባለጸጋና ድኻ እኩል ናቸው። ሙሾ በአንጻሩ ሰውዬውን ከሌላው ለይቶ ያነሣዋል። ጋሻው፣ ጠመንጃው፣ በቅሎው ወጥቶ ለሕዝብ ሲታይ፣ አልቃሿ እጁ የነካውን፣ ደጁ ያበላውን በስም ትቆጥራለች፤ ለቀስተኛውም ይቀበላል። ስለዚህ የሙሾ ውበት የሚመዘነው በእንባው ብዛት ሳይሆን በስንኙ እውነተኛነት ነው። ለማንም ሟች የሚስማማ ሙሾ ለማንም አልተባለም።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት «የልቅሶ ዜማ ግጥም» የተሰኘው መጽሐፍ በእነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል የቆመ ነው። ርእሱ ራሱ እንደሚያስረዳው የግጥሙ ምስጢር ከመጻሕፍት የተሰበሰበ ነው። ሐሳቡ የተቀደሰ መሆኑ አይካድም፤ ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን ተስፋ የሚያደርግ ሰው ደረቱን እየደቃ፣ ፊቱን እየነጨ እንዲያለቅስ አትፈቅድምና። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ የጥበብ ጥያቄ ይነሣል። ሟቹ ሳይታወቅ አስቀድሞ የተደረሰ ግጥም ማጽናናት ይችላል፤ ማስታወስ ግን አይችልም።

ይህን ማለት ሙሾን ከነጉድለቱ ማወደስ አይደለም። ለቀስተኛው ሲበተን ስንኙም አብሮ ይበተናል። አርባው ሲደርስ ያ ሁሉ ግጥም ጠፍቶ፣ መታሰቢያው በጠላውና በእንጀራው ብዛት ይለካል፤ ስም እንዳይጠፋ በሬውን አርዶ፣ ተበድሮም የሚደግስ ቤተሰብ ሟቹን ሳይሆን ድግሱን ሲያስታውስ ይኖራል። በተዝካሩ ዕለት ከጸሎቱ በኋላ በለቅሶው ቀን የተባለው ግጥም በረጋ ልብ ቢደገም፣ ከብዙ ፍሪዳ ይልቅ ሟቹን ባሳሰበ ነበር።

የሙሾ ግጥም የሚሰበስቡ ጸሐፍትም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ስንኙን ጽፈው ሟቹን ይተዋሉ፤ ለማን፣ የት፣ በማን አፍ እንደተባለ አይነግሩንም። በዚህም ለአንድ ሰው የቆመ ሐውልት ስም የሌለው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሰብሳቢው ከስንኙ በፊት ሊጽፈው የሚገባው የሟቹን ስም ነው።