የቃል ብድር

ወጣቶች ሆይ፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ታሪኮችን ተራ በተራ ያነበበ ሰው፣ በአንዱ ደራሲ መጽሐፍ ያገኘውን ቃል በሌላው መጽሐፍ ደግሞ ሲያገኘው «ይህስ ስርቆት ነው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እፈርድ ነበር። ነገር ግን ብድርና ስርቆት የተለያዩ መሆናቸውን እነዚሁ ደራሲዎች አስተማሩኝ።

አስቀድመን «ሮቦት» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው የቴአትር ድርሰት ነው። የቃሉ ሥር የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ድርሰቱ ዝና ካገኘ በኋላ ግን ቻፔክ ቃሉን ያወጣው ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ መሆኑን ራሱ በጋዜጣ ጽፎ ገለጠ። ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር?

ከዚሁ ቃል አሜሪካዊው አይዛክ አሲሞቭ «ሮቦቲክስ» የሚለውን አበቀለ፤ በ1942ም ሦስቱን የሮቦት ሕጎች በአንድ ታሪኩ ውስጥ ዘርዝሮ ጻፈ። አሲሞቭ ሕጎቹን ያወጣቸው የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ካምቤል ነው ሲል፣ ካምቤል ደግሞ ከአሲሞቭ ከራሱ ታሪኮችና ንግግር ለቅሜ ያገኘኋቸው ናቸው ይል ነበር። ሰው ሁሉ ክብርን ለመንጠቅ በሚሻማበት ዓለም እነዚህ ሁለቱ ክብርን ለመስጠት ተሻሙ።

ኧርሱላ ለ ጉዊንም በ1966 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ ያለ አንዳች መዘግየት መልእክት የሚያደርስ መሣሪያ አስባ «አንሲብል» አለችው። ኦርሰን ስኮት ካርድ በ1985 «ኤንደርስ ጌም» በተባለው ልብ ወለዱ ይህንኑ ስም ሲወስድ፣ ስሙ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ የተገኘ መሆኑን በታሪኩ ውስጥ ያናግራል። የባለቤቲቱን ስም ስላልጠራ ግን ዕዳውን በግማሽ እንደ ከፈለ እቆጥረዋለሁ።

«ቃል የሁሉ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛሬ ሮቦት ባልን ቁጥር ቻፔክን እንጥራ አይባልም። ነገር ግን የቃሉ ምስጋና ወደ እኔ በሚመጣበት ሰዓት ባለቤቱን ማወቄ ዕዳ ይሆንብኛል።

ይህን የምለው በራሴ ስለ ደረሰ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከጓደኛዬ አፍ የሰማሁትን አባባል በድርሰቴ አግብቼ በክፍሉ ፊት ተመሰገንሁ። እርሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። እርሱም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። «የእርሱ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሐሳቡን ለእኔ መንገር ተወ። ያተረፍሁት የአንድ ቀን ምስጋና ሲሆን የከሰርሁት ወዳጅ ነው።

ስለዚህ ስትጽፉ ከቀደሟችሁ ለመበደር አትፍሩ፤ ያልተበደረ ደራሲ የለምና። ነገር ግን የአበዳሪውን ስም ጥሩ። ብድሩን የሸሸገ ሰው ሁለተኛ የሚያበድረው አያገኝም።