ማቲስያሁና የሐኑካው መድረክ

አሜሪካዊው የሬጌ ዘፋኝ ማቲስያሁ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2011 ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጨና ፎቶውን ለሕዝብ ለቀቀ። በሳምንቱ የአይሁድ በዓል ሐኑካ ገባ። እስከዚያ ቀን ዓለም የሚያውቀው ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጺሙን አንዠርግጎ እንደ ጃማይካው ኪንግስተን ልጅ የሚያቀነቅን ሐሲድ፣ ማለት ጥብቅ ሃይማኖተኛ፣ አይሁዳዊ ሆኖ ነበር። «እምነቱን ካደ» ያሉ ነበሩ፤ «ድሮም ለታይታ ነበር» ያሉም አልጠፉም። ሁለቱም ወገኖች ጺሙን አዩ እንጂ ዘፈኑን አልሰሙም ባይ ነኝ።

የልደት ስሙ ማቲው ፖል ሚለር ነው። ኒውዮርክ አጠገብ በምትገኘው ዋይት ፕሌንስ አደገ፤ በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ሐባድ ከተባለው የሐሲዶች ወገን ጋር ተቀላቀለ። የሚጠራበት ስም የሐኑካ ታሪክ የሚጀምርበት የሞዲኑ ካህን ስም ነው፤ በንጉሥ አንጥዮኮስ ትእዛዝ ለጣዖት አልሠዋም ብሎ ከልጆቹ ጋር ያመፀው ካህን። ስለዚህ ለዓመታት በሐኑካ ሰሞን «የብርሃን በዓል» ብሎ ሲያቀርበው የቆየው ኮንሰርት ለእርሱ ተራ የበዓል ዝግጅት አይደለም። የሐኑካ መቅረዝ መድረክ ላይ ይበራል፤ ሬጌውም በዚያ ብርሃን ፊት ይዘፈናል።

ሐኑካ ለእኛ ራቅ ያለ በዓል ነው። የእኛ መጻሕፍተ መቃብያን የሚተርኩት ሌላ ታሪክ ነው፤ ቤተ እስራኤልም ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት ይህን በዓል በልማዳቸው አያከብሩም ነበር። ሬጌው ግን ቅርባችን ነው። ራስታዎች ጽዮንን ኢትዮጵያ ውስጥ አገኙ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን የይሁዳ አንበሳ ብለው ከፍ አደረጉ፣ ዜማቸውንም ከዳዊት ቀዱ። በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ያለቀሱት የምርኮኞች መዝሙር፣ በእኛ ዳዊት 136ኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜሎዲያንስ ቡድን አማካይነት የጃማይካ ዘፈን ሆነ። ማቲስያሁም እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ዩዝ» አልበሙ «ጀሩሳሌም» ለሚለው ዘፈን ያንኑ መዝሙር አነሣ። የእርሱ ጽዮን ግን ኢየሩሳሌም ናት። የጃማይካ አነጋገሩ አንዳንዴ ከመጠን አልፎ የተውሶ መሆኑን ያሳብቃል፤ የመዝሙሩ ናፍቆት ግን የተውሶ አይደለም።

ጉልበቱን ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2005 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የተቀዳውን «ላይቭ አት ስተብስ» መስማት ይበጃል። ከኋላው ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። «ቢትቦክስ» ላይ ደርሶ ከበሮውንና ሲንባሉን በአፉ ብቻ ሲመታ ትንፋሹ እንኳ ምት ይሆናል። ቃል የሌለው የሐሲዶች ዜማ ከቤዙ በላይ ሲንሳፈፍ ደግሞ ስብከቱ ሁሉ ይረሳኛል። የዚያ ዘመን ግጥሞቹ መልሱን ጨርሰው የመጡ ናቸውና ለጥርጣሬ ቦታ የላቸውም። እሳት አላቸው፤ ግን ወጣት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ለሐኑካ ያወጣው «ሚራክል» ይህን እሳት አቀዘቀዘው። ደስ የሚል፣ የተወለወለ ፖፕ ነው፤ ግን ካህኑ ለምን እንዳመፀ፣ ምን እንዳጣ አይነካም። በስሙ ለሚጠራ ዘፋኝ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ጺሙን ሲላጭ የጻፈው መግለጫ ከሚያወሩበት ሰዎች ይልቅ ግልጽ ነበር። በአንድ ወቅት በሥርዓትና በሕግ ካልታጠረ እንደሚጠፋ ፈርቶ እንደነበር፣ አሁን ግን ራሱን ማመን እንደፈለገ ተናገረ። አይሁዳዊነቱን አልጣለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2015 በስፔን የሚካሄደው ሮቶቶም ሰንስፕላሽ የሬጌ ፌስቲቫል የፍልስጤምን አገርነት ደግፎ መግለጫ እንዲሰጥ ጠየቀው፤ ያን ባለማድረጉ ዝግጅቱን ሰረዘበት፤ ወቀሳ ሲበዛ ደግሞ ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ጋበዘው። ማቲስያሁም የፍልስጤም ባንዲራ ከፊቱ እየተውለበለበ፣ «ጀሩሳሌም»ን ዘፈነ። ስለ ጉዳዩ ያለን አቋም ይለያይ ይሆናል፤ ያንን ቅጂ አይቶ «ይህ ሰው ከማንነቱ ሸሽቷል» ማለት ግን ይከብዳል።

በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በታልሙድ ስለ ሐኑካ መብራት የሁለት የመምህራን ቤቶች ክርክር አለ። የሻማይ ቤት በስምንት መብራት ጀምረን በየሌሊቱ አንድ እንቀንስ አለ፤ የሂሌል ቤት በአንድ ጀምረን አንድ እንጨምር አለ፤ የጸናውም የሂሌል ነው። የማቲስያሁን መንገድ የሻማይ አድርገው የቆጠሩ ብዙ ናቸው፤ መጀመሪያ ሙሉ ነበልባል፣ ከዚያ እየቀነሰ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «አኬዳ» ነው። አልበሙ ስሙን የወሰደው አብርሃም ይስሐቅን ከመሠዊያው ላይ ካሰረበት ታሪክ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ ርእሱ ያደረገው እግዚአብሔር በገነት የተሸሸገውን አዳም «የት ነህ?» ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ ነው። የድሮው ማቲስያሁ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያቀርብ ነበር። የአሁኑ ፍቅርን አስተምረኝ ብሎ ይለምናል፤ ድምፁም ከ2005ቱ ይልቅ የተጋለጠ፣ የተጎዳ፣ እውነተኛ ነው። በሐኑካው መድረክ ላይ ከ«ሚራክል» ይልቅ ለእንዲህ ያለው ዘፈን ሰፊ ሰዓት ቢሰጥ ኮንሰርቱ የስሙ ባለቤት የሆነውን ካህን ያህል ክብደት ይኖረው ነበር።