ከባሕሩ ሰዓት ጋር

ከሲያትል በስተሰሜን የሚፈሰው ስካጂት ወንዝ ባሕር ሊደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ብቻውን አያዝም። ባሕሩ እየሞላ ይገፋዋል፣ እየጎደለ ይለቀዋል። በመስከረምና በጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ትራውት ማጥመድ የማደንቀው ጥበብ ነው።

ዓሣው ከትስሮት ይባላል፤ ከመንጋጋው ሥር ባለው ቀይ ሰንበር ይታወቃል። የሙቀቱን ወራት በባሕሩ ዳርቻ ሲመገብ ቆይቶ፣ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ሽቅብ የሚወጣውን ሳልመን ተከትሎም እንቁላሉን ይለቅማል።

የባሕሩ ሙላት በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ፣ ትናንት ዓሣ የሰጠ ሰዓት ዛሬ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጥማጁ ዘንጉን ከማንሳቱ በፊት የሙላት ሰንጠረዡን ያያል። ውኃው በወደቀ ግንድ ዙሪያ መዞር ሲጀምር ክሩን ይወረውራል። ጭቃው እግሩን እንዳይዘው፣ ሙላቱም መመለሻውን እንዳይዘጋበት አስቀድሞ ያሰላል።

ይበልጥ የምወደው ግን መልቀቁን ነው። ወንዙ በሚገባበት በፒዩጀት ሳውንድ ጨዋማ ውኃ የተያዘ ከትስሮት እንዲለቀቅ ሕግ ያዛል። ጥሩ አጥማጅ ወንዙ ውስጥም እንዲሁ ያደርጋል፦ እጁን አርሶ፣ ዓሣውን ከውኃ ሳያወጣ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ይነቅልለታል።

ይህ የማጥመድ ጥበብ ቢቀር ገበያው ዓሣ አያጣም። የምናጣው፣ ጨረቃ በባሕሩ ሙላት በኩል ወንዝን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ የተማረውን፣ የዓሣው ማነስም ቀድሞ የሚገባውን ሰው ነው።