ደራሽ ከየት መጣ?

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሮቢ ወንዝ ድንገት ይሞላል። ዝናቡ የጣለው ከበላይ ባለው ደጋ፣ በደብረ ሲና በኩል ነው። የቆላው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ወንዙን ከመሻገሩ በፊት አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ተራራው ያያል። እኔም ሙያዬን የተማርኩት ከዚህ ልማድ ነው።

ሥራዬ የሰውን የዘወትር ድርጊት መዝግቦ «ተለወጠ» ወይም «ባለበት ነው» ብሎ መፍረድ ነው። ወባ በማይለቀው የይፋት ቆላ ደግሞ ዋናው ጥያቄ አጎበር ነው። ትናንት ማታ ከአጎበር ሥር ያደረው ስንት ሰው ነው?

ከዓመታት በፊት በነሐሴ መጨረሻ አስተምረን በጥቅምት ስንቆጥር የተጠቃሚው ቁጥር ጨምሮ አገኘነው። እኔም የትምህርቱ ውጤት ነው ብዬ ጻፍኩ። አንዲት እናት ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መስከረም ከጠባ ቢምቢው መች ያስተኛናል? ባታስተምሩንም እንሰቅለው ነበር።» ደጋ ላይ የዘነበውን ዝናብ እኔ ያመጣሁት ውሃ አድርጌ ቆጥሬ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ከማስተማሬ በፊት መነሻው፣ ማለትም ከትምህርቱ በፊት የምቆጥረው ቁጥር፣ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። የረጋ መነሻ ማለት አንድ ቁጥር መደጋገሙ አይደለም። እንበልና በየሳምንቱ ከ10 ቤት 4፣ 5፣ 4፣ 6፣ 5 ቤት ቢጠቀም ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ነገር ግን መዋዠቁ ወሰን አለው፣ ሽቅብም ቁልቁልም አያደላም። ይህ የረጋ ነው። 3፣ 4፣ 5፣ 6 እያለ ከሄደ ግን ትምህርቱ ሳይገባ መውጣት ጀምሯል። ቀጥሎ የሚመጣውን 7 ያመጣሁት እኔ ነኝ ለማለት ምንም ማስረጃ አይኖረኝም። ስለዚህ ሦስት ነገር ለየብቻ አያለሁ፦ ቁጥሩ ያለበትን ደረጃ፣ የሚያዘነብልበትን አቅጣጫና የመዋዠቁን ስፋት።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሙሬይ ሲድማን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምርምር ስልት መጽሐፉ፣ መዋዠቅን በአማካይ ከመሸፈን ይልቅ ምንጩን ፈልጎ ማግኘት እንደሚገባ ያስተምራል። እኔ ምንጩን ያገኘሁት ማማ ላይ ነው። በአንድ የመኸር ወቅት አጎበር የሚጠቀሙ አባወራዎች ቁጥር በአንዴ ወረደ። ቤት ገብቼ ሳይ አልጋው ባዶ ነው፤ አጎበሩ ተጠቅልሎ ምሰሶ ላይ ታስሯል። ባለቤቱ ማሽላውን ከከርከሮ ለመጠበቅ እርሻው ላይ ከተሠራው ማማ ያድራል። ሰውየው አጎበሩን አልተወም፤ የሚያድርበት ቦታ ነው የተቀየረው። አማካዩ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥርም ያሳስታል። እንግዳ ይመጣል ሲባል አጎበር ይሰቀላል። ዘወትር የሚያድሩበት አጎበር ግን ጠርዙ ፍራሽ ሥር ሲገባ ስለኖረ የተጨማደደና የቆሸሸ ነው። ዛሬ ጠዋት ለእንግዳ የተሰቀለው ላይ ግን የፋብሪካ እጥፉ መስመር ገና አልጠፋም። እንዲህ ያለውን ሳይ ያን ቀን የመዘገብኩትን ከመነሻው አልደምርም፤ ሰዉ እስኪለምደኝ መመላለሴን እቀጥላለሁ።

ወቅቱን ማስቆም ግን አልችልም። ለዚህ መፍትሔ የሆነኝ በ1968 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቤር፣ ሞንትሮዝ ዎልፍና ቶድ ሪዝሊ የገለጹት ስልት ነው። ሦስት ቀበሌ ላይ ቆጠራውን በአንድ ቀን እጀምራለሁ፤ ትምህርቱን ግን በተለያየ ጊዜ በየተራ አስገባለሁ። ክረምቱ፣ ሙቀቱና ቢምቢው ለሦስቱም እኩል ይመጣል። የተማረው ቀበሌ ቁጥር ተራው ሲደርስ ብቻ ከወጣ፣ ያልተማሩት ባሉበት ከቆዩ፣ ያን ጊዜ ለውጡ የትምህርቱ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ይህ ጥንቃቄ ጊዜ ይወስዳል፤ ሪፖርት የሚጠብቁ አለቆችም አይወዱትም። ነገር ግን ባልሠራ ትምህርት ላይ የሚባክነው ገንዘብ ለሚሠራው መዋል የነበረበት ነው። ከዚያም በኋላ የሚታመመው የእኚያ እናት ልጅ ነው።

ስለዚህ በጥቅምት ቆጥራችሁ የምትደሰቱ ባልደረቦቼ፣ ሪፖርቱን ከመዝጋታችሁ በፊት በጥር ተመለሱ። ቢምቢው ቀንሶም አጎበሩ ከፍራሹ ሥር እንደገባ ካገኛችሁት፣ «ተለወጠ» ለማለት ምክንያት አላችሁ።