ነጋዴው፣ ቁንጫውና ድል አድራጊው፦ የዊልያም ማክኒል መጽሐፍ ሲመረመር

የታሪክ ጸሐፍት የነገሥታትን ዘመቻና የነጋዴዎችን ጉዞ በዝርዝር ሲመዘግቡ በሽታን ግን ለረጅም ዘመን ከታሪኩ ዳር አቁመውት ኖረዋል። ወረርሽኝ በመጻሕፍቱ ሲጠቀስ እንደ በረዶና እንደ አንበጣ ድንገት ወርዶ የሚያልፍ መዓት ይመስላል እንጂ መነሻ፣ መንገድና መድረሻ ያለው ክስተት አይመስልም ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ዊልያም ማክኒል «ቸነፈሮችና ሕዝቦች» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1976 ባሳተሙ ጊዜ ይህ ልማድ ተናጋ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ ዛሬም በሰፊው ይነበባል። ስለዚህ በውስጡ የጸናውን ከላላው ለይቶ መመርመር ለጤና ባለሙያው የሚገባ ሥራ ነው።

ማክኒልን ለጥናቱ ያነሣሣቸው አንድ ጥያቄ ነው። በ1519 ወደ ስድስት መቶ የሚጠጉ ወታደሮች ይዞ በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ የወረደው ኤርናን ኮርቴስ፣ ሚሊዮኖች የሚኖሩበትን የአዝቴክ መንግሥት እንዴት ሊጥል ቻለ? ፈረስና ባሩድ ብቻቸውን በቂ ምላሽ አልሆኑላቸውም። በ1520 ስፔናውያኑ ከዋና ከተማይቱ ከቴኖችቲትላን ተባረው ከወጡ በኋላ ከተማይቱን ፈንጣጣ ወረራት፤ አዲሱ ንጉሥ ኩይትላዋክም በዚያው በሽታ ሞተ። በአንድ ወገን በልጅነታቸው ከፈንጣጣ ተርፈው ያደጉ ሰዎች፣ በሌላው ወገን በሽታውን ከቶ የማያውቅ ሕዝብ ተፋጠጡ። ማክኒል ከዚህ ተነሥተው ወደ ኋላ በመጓዝ፣ በሽታ በሕዝቦች ታሪክ ውስጥ የነበረውን ድርሻ ከጥንት ጀምሮ መረመሩ።

የመጽሐፉ ዐቢይ ሐሳብ የሰው ልጅ በሁለት ዓይነት ጥገኞች መካከል ይኖራል የሚል ነው። ጥቃቅኖቹ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሲሆኑ፣ ግዙፎቹ ግብር፣ ቀለብና ጉልበት የሚወስዱ ገዢዎችና ወራሪዎች ናቸው። ሁለቱም ከሚመገቡበት ሕዝብ ጋር ሚዛን ካልጠበቁ የራሳቸውን ምግብ ያጠፋሉ። ተራርቀው የኖሩ የሥልጣኔ ማዕከላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በሽታ ተላምደው ሳሉ፣ ንግድ፣ ዘመቻና አሰሳ ሲያገናኛቸው ሸቀጥና በሽታ በአንድ ጭነት ተጓዙ።

ይህ ሐሳብ ጉልበቱን የሚያሳየው የመካከለኛው ዘመን ማብቂያ በተተረከበት ክፍል ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ሞንጎሎች ከቻይና እስከ ጥቁር ባሕር የተዘረጋውን ምድር በግዛታቸው ሥር ሲያውሉ፣ የሲራራ ነጋዴዎች ቀድሞ ባልታየ ብዛት መመላለስ ጀመሩ። በ1346 በክሪሚያ የጄኖዋ ነጋዴዎች ይዘዋት የነበረችውን ካፋን የከበበው የሞንጎል ሠራዊት በቸነፈር ተመታ። በ1347 በሽታው በመርከብ ወደ ሲሲሊ ወደብ ወደ መሲና ገባ፤ በዚያው ዓመት እስክንድርያ ደረሰ፤ በ1348 ፈረንሳይንና እንግሊዝን ያዘ። «ጥቁሩ ሞት» የተባለው ይህ ወረርሽኝ እስከ 1353 ከአውሮፓ ሕዝብ ሲሦውን፣ በአንዳንዶች ግምት ግማሹን ጨረሰ። በካርታ ላይ የበሽታው ጉዞ ሲሣል የንግዱ መሥመር ጉዞ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለሰፊው አንባቢ ግልጽ ማድረጋቸው የማክኒል ትልቅ ውለታ ነው።

ድክመቱ የሚጀምረው ማስረጃው በሚያልቅበት ቦታ ነው። ማክኒል የሞንጎል ፈረሰኞች በ1252 እና በ1253 ወደ ዩናን ሲዘምቱ ተሕዋሱን ከዚያ አንሥተው ወደ ሰሜኑ የሣር ምድር እንዳደረሱት ገመቱ። በ1331 በቻይና የተመዘገበውንም ወረርሽኝ ከዚሁ ጋር አያያዙት። መገመታቸው አያስወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ግምት ሆኖ የገባው ሐሳብ በኋላ ለሚከተለው ትረካ መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ባለሙያ አንባቢ ይህን ስሕተት ከሥራው ያውቀዋል፤ በሽተኛው ካርድ ላይ በጥርጣሬ የተጻፈ የበሽታ ስም ከቀናት በኋላ እንደ ተረጋገጠ ሲጠቀስ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ የተለየ አይደለም።

በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት ለዚህ ግምት ፍርድ የሚሰጥ ማስረጃ አመጣ። በዛሬዋ ኪርጊዝስታን በኢሲክ ኩል ሐይቅ አቅራቢያ ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የሚታወቁ የክርስቲያኖች መቃብሮች አሉ። ዓመተ ምሕረት ከተቀረጸባቸው 467 የመቃብር ድንጋዮች መካከል 118ቱ የ1338 እና የ1339 ናቸው፤ በአንዳንዶቹም ላይ የሞቱ ምክንያት ቸነፈር መሆኑ በሶርያ ቋንቋ ተጽፏል። ከዚያ የተቀበሩ የሰባት ሰዎች ቅሪት ተመርምሮ በሦስቱ ላይ የየርሲኒያ ፔስቲስ ዲ.ኤን.ኤ. ተገኘ። ዝርያውም ለጥቁሩ ሞት ዝርያዎች የቅርብ ቅድመ አያት ሲሆን፣ ምንጩ በቲያን ሻን ተራሮች አካባቢ መሆኑን አጥኚዎቹ አመለከቱ። በመቃብሮቹ የተገኙት ከሩቅ ባሕር የመጡ ዕንቁዎችና ዛጎሎች ማኅበረሰቡ በንግድ የሚኖር እንደነበረ ያሳያሉ። እንግዲህ ማክኒል ስለ ንግዱ መንገድ የተናገሩት ጸንቷል፤ ስለ ዩናን የተናገሩት ግን ድጋፍ አላገኘም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጥንታዊ ጽሑፍ የበሽታን ስም ስለ ጠራ ብቻ ምርመራው እንዳላለቀ ነው። በኢትዮጵያም የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዜና መዋዕል በ15ኛው መቶ ዘመን በደብረ ብርሃን ብዙ ሰው የፈጀ ቸነፈር መነሣቱን ይናገራል። ቃሉ የእልቂቱን ብዛት ይመሰክራል እንጂ የተሕዋሱን ማንነት አይመሰክርም። የማክኒልን ካርታ ወስዶ በላዩ ላይ ደብረ ብርሃንን መጨመር ቀላል ነው፤ ማስረጃው ግን ከመቃብር መምጣት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ድክመት ከመጀመሪያው ይከብዳል። በማክኒል ትረካ ሜክሲኮን የጣለው በዋናነት ፈንጣጣ ነው። ሆኖም በ1521 ቴኖችቲትላንን የከበቡት ስፔናውያን ብቻ አልነበሩም፤ ከአዝቴኮች ጋር የቆየ ጠላትነት የነበራቸው የትላስካላ ሰዎችና ሌሎች ተባባሪዎች በብዙ ሺህ ተሰልፈው ነበር። እነርሱም ፈንጣጣን አያውቁም ነበር፤ በበሽታውም አልቀዋል። በሽታው ወዳጅንና ጠላትን በአንድነት ከመታ፣ ድሉን በበሽታ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሐኪምና የታሪክ ተመራማሪ የሆኑት ዴቪድ ጆንስ በ2003 ባቀረቡት ጽሑፍ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እልቂት በተፈጥሮ መከላከያ ማጣት ብቻ እንደማይገለጽ ተከራክረዋል። ረኀብ፣ የግዳጅ ሥራ፣ ከርስት መፈናቀልና አስታማሚ ማጣት ሞቱን አብዝተውታል። የማክኒል ግዙፍ ጥገኛ፣ ማለትም ገዢው፣ በዚህ ምዕራፍ ከጥቃቅኑ ጥገኛ ጥላ ሥር ተሸሽጎ ከተጠያቂነት ያመልጣል።

የሰው ውሳኔ በጥቁሩ ሞት ዘመንም ለክፉም ለደግም ታይቷል። የካቲት 14 ቀን 1349 በስትራስቡርግ ከተማ ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው የተከሰሱ አይሁድ በእሳት ሲቃጠሉ፣ ቸነፈሩ ገና ወደ ከተማይቱ አልገባም ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንስ ስድስተኛ ግን በ1348 ባወጡት ደብዳቤ አይሁድም በዚሁ በሽታ እየሞቱ መሆኑን አመልክተው ክሱ ሐሰት መሆኑን አስረድተዋል። በንግድ የምትተዳደረው ራጉሳ ደግሞ በ1377 ወደቧን ከመዝጋት ይልቅ፣ በሽታ ካለበት አገር የሚመጣ ሰው ሠላሳ ቀን ከከተማዋ ውጭ እንዲቆይ ደነገገች። ቬኒስም በ1423 በደሴት ላይ ቋሚ የቸነፈር ሆስፒታል አቋቋመች። የንግዱ መንገድ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የከተሞቹ ምላሽ እጅግ ተለያየ። መጽሐፉ ለዚህ ልዩነት የሰጠው ክብደት ትንሽ ነው።

«ቸነፈሮችና ሕዝቦች» ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ ሸቀጡ ከየት መጣ፣ ሠራዊቱ በየት አለፈ፣ ተጓዡ የት አደረ ብሎ መጠየቅን ያስተምራል። ሆኖም ለጤና ባለሙያው ይህ የጥያቄው ግማሽ ነው። በሽታው ከገባ በኋላ ማን ምግብና አስታማሚ አጣ፣ ማን ያለ ጥፋቱ ተወነጀለ፣ በሥልጣን ላይ የነበረውስ ምን አደረገ የሚለው ሌላው ግማሽ በማክኒል ገጾች ውስጥ በሚገባ አይገኝም። መጽሐፉን የሚያነብ ባለሙያ ይህን ክፍል ከሌሎች ጥናቶች መሙላት ይኖርበታል።