ዜናው ካለቀ በኋላ

ዘጋቢ ከመስክ ሲመለስ በደብተሩ ከሰፈረው ውስጥ ለጋዜጣ የሚበቃው ጥቂቱ ነው። ባለሥልጣኑ መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ወደ ማን እንደሄደ፣ ተርጓሚው የትኛውን ቃል እንደዘለለ፣ ሰዎቹ ስብሰባው ሲያበቃ ምን እንደተባባሉ በዜና አይወጣም። ጋዜጣም ልብ ወለድም የምጽፍ ሰው ነኝና ጀማሪዎችን ሁልጊዜ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የማይታተመውንም በዚያው ጥንቃቄ መዝግቡ።

ይህን የተማርኩት ከደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ ኢሉባቦር ተወልዶ፣ በጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አጥንቷል። መነን መጽሔትንና አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መርቷል። በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር» የተባለውን ልብ ወለዱን ሲያሳትም የጋዜጣ ሰው ነበር፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ሆኖ ብዕሩን አላስቀመጠም።

በ1974 ዓ.ም. የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ በኤርትራ አማፅያን ላይ ሲታወጅ በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ከረመ። በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ጸጋዬ ኃይለማርያም ያንኑ ሥራ ይዞ አስመራ የሚገባ ጋዜጠኛ ነው። ለሕዝብ የተነገረው የዘመቻው መፈክር ነበር፤ ልብ ወለዱ ደግሞ የሹማምንቱን ሽኩቻ፣ የከተማዋን የሌሊት ሕይወት፣ የጸጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር፣ በናቅፋ ተራሮች ላይ የረገፈውን ወጣት ያዘ። ያየ ሰው የጻፈው መሆኑ በየገጹ ያስታውቃል።

ብዙዎች ጋዜጠኛ ወደ ልብ ወለድ የሚሸሸው ለመደበቅ ነው ይላሉ። «ኦሮማይ» ይህን ያፈርሰዋል። ስሞቹ ቢለወጡም አንባቢ ሰዎቹን ለየ፤ ሹማምንቱም ራሳቸውን አወቁ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያስፈራቸው የፈጠራው ውበት ብቻ አይመስለኝም፤ የዘጋቢው ትክክለኛነት ነው።

ስለዚህ ልብ ወለድ ስጽፍ የዘጋቢነቱን ሥራ አልጥለውም። ገጸ ባሕርዩን እኔ ልፈጥረው እችላለሁ፤ የሚኖርበትን ከተማ፣ የሚፈራውን አለቃ፣ የሚዘምትበትን ጦርነት ግን አጣርቼ መጻፍ አለብኝ። ያን ዘመን የኖረ አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት «ይህ አልነበረም» እንዳይለኝ ነው የምደክመው።